የባህር ስኳር

አባቴ ጨውን «የባህር ስኳር» ብሎ የጠራ ዕለት ስምንት ዓመቴ ነበር። ከእሱ የበለጠ ብልህ ሰው በሰፈራችን በኖርስቦሪ ቀርቶ በመላው ስቶክሆልም እንደሌለ የወሰንኩትም ያኔውኑ ነው።

ዛሬ ሥራዬ ለመሥሪያ ቤት ሰዎች አዲስ ሐሳብ እንዴት እንደሚመጣ ማስተማር ነው። ግድግዳው መስታወት የሆነ አዳራሽ ውስጥ እሰበስባቸውና፣ «ጥርሳችሁን በማትጽፉበት እጅ ቦርሹ፤ ወደ ቤታችሁ በማታውቁት መንገድ ግቡ፤ በቀን አንድ ዕቃ አንሱና ስሙን ሳትጠሩ ንገሩኝ» እላቸዋለሁ። ክራቫቱን እስከ ጉሮሮው ያጠበቀ ሥራ አስኪያጅ ሹካ አንስቶ፣ ላብ እያጠመቀው፣ «የ... የብረት ጣት» ይልና እንደ ሕፃን ይቦርቃል። ከየት ተማርሽው ሲሉኝ «ከቤት» እላለሁ። ትሑት ናት ብለው ያልፉኛል።

ስምንት ዓመቴ ሳለ፣ ትምህርት በተከፈተ ሰሞን አንድ ጠዋት ስነሣ፣ በእናቴ ፋንታ አክስቴን አዜብን ወጥ ቤት አገኘኋት። አዜብ የእናቴ ታናሽ ናት፤ ሮግስቬድ የሚባል ሰፈር ብቻዋን ትኖራለች፤ ሲጨንቃት ታፏጫለች። ያን ጠዋት እያፏጨች ፒጃማዬን ቦርሳዬ ውስጥ ትከት ነበር።

«አባዬስ?» አልኳት በስዊድንኛ። አማርኛ እሰማለሁ እንጂ መናገሩ ይታክተኝ ነበር።

«ኩርስ ሄዷል።»

«የምን ኩርስ?»

አዜብ መዋሸት አይሆንላትም። ዓይኗ ጣሪያውን ዞረ፣ ምድጃውን ዞረ፣ መስኮቱ ላይ ቆመ። እሷ ራሷ ሥራ ካጣች ወዲህ የሥራ ፈላጊዎች ቢሮ ክሬቲቪቴት የሚባል ኩርስ፣ ማለትም ሥልጠና፣ ልኳት በየጠዋቱ ትመላለስ ስለነበር፣ አፏ ላይ የመጣላትን አለች።

«የፈጠራ።»

አማርኛ የሚችል ሰው ይኼኔ ይስቃል። ፈጠራ አዲስ ነገር ማሰብም ነው፣ ውሸትም ነው፤ አክስቴ ሳታስበው በአንድ ቃል እውነቱንም ሐሰቱንም ተናገረች። እኔ ግን በዚያ ዕድሜዬ የቃሉ ዘመድ ሆኖ የማውቀው ፈጣሪን ብቻ ነበር፤ እሱንም ከሰንበት ትምህርት ቤት። ስለዚህ አባቴ የእግዚአብሔርን ሥራ ሊማር ሄደ ማለት ነው። ኩርሱ የሚሰጠው እዚሁ ጎረቤታችን ሁዲንጌ መሆኑን ስሰማ ትንሽ ቅር አለኝ። ለእንዲህ ያለ ነገር የተሻለ ቦታ የሚመርጡ መስሎኝ ነበር።

«ምንድነው የሚያስተምሯቸው?» አልኳት ሮግስቬድ ስንደርስ።

«በግራ እጅ መጻፍ» አለች አዜብ፣ አሁን ውሸቱ እየጣማት። «በሌላ መንገድ መሄድ። አንድን ዕቃ ለስንት ነገር ይሆናል ብሎ ማሰብ። ከዚያ ደግሞ ምንም ሳይሠሩ መስኮት ማየት አለ። እሱን እኔ ከሁሉም በልጫለሁ፤ አሠልጣኙ ራሱ መስክሮልኛል።»

ማታ ማታ እናቴ ትደውላለች። አዜብ ስልኩን ይዛ ሽንት ቤት ትገባና በሩን ትዘጋለች። «እጁስ?» ስትል እሰማለሁ። «አፉስ?» ስትል እሰማለሁ። በግራ እጅ መጻፉ ከብዶታል ማለት ነው ብዬ ለአባቴ አዘንኩለት።

አባቴ ብዙነህ አውቶቡስ ነጂ ነበር። እሑድ እሑድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን መድረክ መሪ ነው። ማስታወቂያ ሲያነብ እንኳ ሰው ተመቻችቶ ይቀመጣል፤ በጠፋ ጓንት ማስታወቂያ ሰውን እስከ እንባ ሊያደርስ ይችላል። ቃል አያልቅበትም። እናቴ ትርሓስ ከእሱ ጋር መጨቃጨቅ የተወችው ከሠርጋቸው በፊት ነው ይባላል።

ከኩርሱ ሲመለስ ከሳ ብሎ፣ ቀኝ እጁን እንደተኛ ሕፃን ደረቱ ላይ ይዞ ገባ። አቀፈኝ። ብዙ አልተናገረም። የጨው ነገር የመጣው ያን ዕለት እራት ላይ ነው። ወጡን ቀመሰ፤ ማዶ ያለውን ዕቃ አየ፤ አፉን ከፈተ፤ ዘጋ።

«ያንን...» አለ። «ያንን የባህር... የባህር ስኳር።»

እናቴ እንደ ሐውልት ደረቀች። አዜብ ማፏጨት ጀመረች። እኔ አጨበጨብኩ።

«ኩርሱ ላይ ነው የተማርከው?» አልኩት።

አባቴ እኔን አየ፤ እናቴን አየ፤ አዜብን አየ። አዜብ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀችለት። ቀስ ብሎ እሱም ነቀነቀ። እናቴ ጨውን አንሥታ ሰጠችው፤ «እንካ፣ የባህር ስኳር» አለች። ውሸት የማትወደው ሴትዮ በዚያች ቅጽበት ቤተሰቡን በሙሉ ይዛ ውሸት ውስጥ ገባች። ምክንያቱ የገባኝ ራሴ እናት ስሆን ነው፤ ልጇ ያጨበጨበችለትን ነገር በሽታ ነው ብላ የምትነግራት እናት የት ትገኛለች?

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ኩርስ ሆነ። ማንኪያ «የሾርባ ጀልባ» ተባለ። መነጽር «የዓይን መስኮት»፣ ካልሲ «የእግር ጃኬት»፣ ፍሪጁ «የብርድ ቁም ሣጥን»። አባቴ አንዱን ቃል ለማውጣት ሲያምጥ ፊቱ ይቀላል፤ እኔ ትልቅ ሐሳብ ሲመጣ እንዲህ ነው የሚያደርገው ብዬ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። ትምህርት ቤት ሄጄ ሁሉንም ወደ ስዊድንኛ መለስኩት፤ መምህሬ እጅግ የፈጠራ ችሎታ አላት ብላ ለወላጆቼ ነገረቻቸው። እናቴ ይህን ስትሰማ በአንድ ዓይኗ ሳቀች፣ በሌላው አለቀሰች።

ጥርሳችንን በግራ እጅ መቦረሽ ጀመርን፣ እሱ ግድ ሆኖበት እኔ ወድጄ። መስታወቱ በሙሉ ሳሙና ሆነ። በግራ እጃችን አውራ ዶሮ ሳልን፤ የእሱ ድንች ወጣ፣ የእኔ ካርታ ወጣ። ድንቹን ግድግዳ ላይ ሰቀልነው።

መንገድ መቀያየሩ ደግሞ እንዲህ ሆነ። አንድ ከሰዓት ከሸርሆልመን ገበያ በቱነልባና፣ በከተማው ባቡር፣ እየተመለስን ነበር። የእኛ ጣቢያ የመስመሩ መጨረሻ ስለሆነ ሁልጊዜ እስኪቆም ነበር የምንቀመጠው። አባቴ ግን አልቢ ላይ ብድግ ብሎ ወረደ። ተከትዬው ወረድኩ። ባቡሩ ሄደ። እሱ የጣቢያውን ስም ቀና ብሎ ረጅም ጊዜ አየው።

«ዛሬ በአዲስ መንገድ ነው?» አልኩት።

«አዲስ» አለ። «አዎ። አዲስ።»

በሃሉንዳ በኩል በነፋስ ሄድን። እኔ ፊት ፊት እየዘለልኩ «በዚህ እንሂድ፣ በዚያ እንሂድ» እላለሁ፤ እሱ ይከተለኛል። ከአባቴ ጋር ካሳለፍኳቸው ከሰዓቶች ሁሉ ያ ይበልጥብኛል። ዓመታት አልፈው ነው የነገረኝ፦ ሰሌዳው ላይ ያሉት ፊደሎች ጉንዳን ሆነውበት ነበር። አውቶቡስ ሲነዳበት በኖረው ሰፈር ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ አያውቅም። እኔ እሱ ይዞኝ የሚሄድ መስሎኝ፣ ለካ እኔ ነበርኩ ቤቱ ያደረስኩት። እናቴ ያን ዕለት ደጅ ላይ ቆማ ነበር የጠበቀችን። ከዚያ በኋላ አባቴ ያለ እኔ ከቤት አልወጣም፤ ለፈጠራ ጓደኛ ያስፈልጋል ተባልኩ። ኮራሁ።

በሳምንት አንድ ቀን ሎጎፔድ ጋ ይሄዳል። ሎጎፔድ የንግግር ሐኪም መሆኑን ስላላወቅኩ ሌጎ የተባለውን መጫወቻ የሚያሠሩት መስሎኝ ቀናሁ። ሰውዬው ቀይ ጢም ያለው ስዊድናዊ ነው፣ ስሙ ክርስቲያን። እናቴ በስልክ «ነገ ከክርስቲያን ጋር ቀጠሮ አለው» ስትል ግራ ይገባኝ ነበር። እኛስ ምንድነን?

ይህ ክርስቲያን አንድ ተአምር አገኘ። አባቴ መናገር ያቃተውን ቃል በዜማ ሊለው ይችላል። መዝሙር ከአፉ ሳይሰበር ይወጣል። ስለዚህ ሲቸግረው ቃሉን መዝሙር ላይ ጭነህ ላከው አለው። ቤታችን ውስጥ «ካልሲዬ የት አለ» በምስጋና መዝሙር ዜማ ይጠየቅ ጀመር። እናቴ «ከአልጋው ሥር» ብላ በሁለተኛ ድምፅ ትቀበላለች። ጎረቤቶቻችን በጣም መንፈሳዊ ቤተሰብ አድርገው ሳያዩን አይቀሩም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቤተ ክርስቲያን የሚያውቀው ብዙነህ ሥልጠና ላይ ነው ተብሎ ነው። አባቴ ነው እንዲህ ይባል ያለው። በምላሱ የታወቀ ሰው ምላሱ ተሰብሮ መታየት አልፈለገም። ቃሉ እስኪመለስ ይደበቃል፤ ሲመለስ ምንም እንዳልሆነ መድረኩ ላይ ይወጣል። ግን ወራት አለፉ። በመጨረሻ እናቴ፣ «ከኋላ ቁጭ ብለን፣ ሳያልቅ እንወጣለን» ብላ አንድ እሑድ ይዛን ሄደች።

ከኋላ መቀመጥ ለእኛ ሰው ምን ያደርጋል? ሽማግሌው ጋሽ ኢሳይያስ ገና ከመድረኩ አዩን። ጋሽ ኢሳይያስ ግዙፍ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ሥርዓት የሚወዱ ሰው ናቸው። «ወንድማችን ብዙነህ ከሥልጠናው ተመልሷል» አሉ። «እስቲ አንድ ቃል ያካፍለን።»

እናቴ የአባቴን ኮት ጨብጣ ያዘች። እሱ ግን ቀስ ብሎ ጣቶቿን አላቀቀና ተነሣ። ኋላ ስጠይቀው፣ «መደበቁ ከበሽታው በለጠብኝ። ልነግራቸው ነበር የወጣሁት» አለኝ።

ማይክራፎኑን በግራ እጁ ያዘ። «ወገኖቼ» አለ፣ ጥርት አድርጎ። ሕዝቡ ተመቻችቶ ተቀመጠ። ከዚያ ቃሉ ተደናበረ። «እኔ... በለመ... ረመደ... ለመደረ... በረመለ...» ጎርፍ ሆነ፤ ሊያቆመውም አልቻለም።

ፊት ወንበር ላይ ያሉት እትዬ ተዋበች ሁለት እጃቸውን አነሡ። «ልሳን ነው» አሉ። «መንፈስ ወርዶበታል።» ረድፉ በሙሉ ተነሣ። የኋላው ረድፍ የፊተኛውን አይቶ ተነሣ። አባቴ የሚያየውን ማመን አቅቶት ዓይኑን አፈጠጠ፤ እሱ ዓይኑን ባፈጠጠ ቁጥር ሕዝቡ ይበልጥ ጋለ።

ጋሽ ኢሳይያስ እጃቸውን ዘርግተው አበረዱት። «ሥርዓት ይኑረን» አሉ። «የሚተረጉም አለ?»

እኔ ወንበር ላይ ወጣሁ። በዚህ ዓለም የአባቴን ቋንቋ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

አባቴ እኔን ሲያይ ተረጋጋ። ክርስቲያን እንዳስተማረው ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል ጀመረ። «ራሴ ውስጥ... የውሃ መንገድ... ተዘጋ። የነጭ ልብስ ቤት... ተኛሁ።»

«የውሃ መንገድ ማለት ቧንቧ ነው» አልኩ በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ። «ቧንቧ ተደፍኗል። የነጭ ልብስ ቤት ማለት ደግሞ ትቬትስቱጋ ነው። አባዬ ትቬትስቱጋ ተኛሁ ነው የሚለው።»

ትቬትስቱጋ ሕንጻው ሥር ያለው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ነው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ በተራው ያላጠበበት ሰው የለም፣ የተኛበት ግን አልነበረም። ከመሐል የቧንቧ ሠራተኛው ባዩ፣ «ታዲያ እኔን ለምን አልጠራችሁኝም?» አለ፤ ድምፁ ቅሬታ ነበረበት።

ያኔ እናቴ ተነሣች። ያለ ማይክራፎን ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር፤ በማይክራፎንም ሰምቻት አላውቅም።

«ሆስፒታል ማለቱ ነው» አለች። «ሥልጠና አልሄደም፤ ታሞ ነው። ስትሮክ መቶት ነው። እጁም ምላሱም ተይዟል። አይነገርብኝ ስላለ ነው ያልነገርናችሁ።»

የኔ ጆሮ ከዚህ ሁሉ ያስቀረው አንድ ቃል ነው። በስዊድንኛ «ስትሮክ» ሲባል የማውቀው ልብስ ተኮሰ ማለትን ነው። ቧንቧ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ አሁን ደግሞ መተኮስ፤ ትርጉሜ ልክ ነበር ማለት ነው። አባቴ ልብስ እንደሚተኩስ በአደባባይ ተነገረ፤ ሴቶቹ በሙሉ ማልቀስ ጀመሩ። ለካ የሐበሻ ወንድ ካውያ ቢይዝ ይህን ያህል ይለቀሳል ብዬ ተገረምኩ።

ሁሉም ወደ መድረኩ ተመመ። አባቴ ላይ ያልተጫነ እጅ አልነበረም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጸልያል። ከዚያ ሁሉ እጅ ሥር የአባቴ ፊት ወጣ፤ ላብ በላብ ሆኗል፤ ከንፈሩ ደርቋል። አንድ ቃል ፈለገ፣ አጣው። ስለዚህ ዜማው ላይ ጫነው። ሁሉም በሚወዱት መዝሙር ዜማ፣ በዚያ በድሮው ድምፁ፣ «ውሃ ስጡኝ፣ እባካችሁ ውሃ» ብሎ ዘመረ።

መዘምራኑ ከልማድ ተቀበሉት። «ውሃ ስጡት፣ አቤቱ ውሃ» አሉ። ኪቦርድ የሚመታው ልጅ ቅኝቱን አገኘ። አዳራሹ በሙሉ እያጨበጨበ ውሃ ስጡት ሲል፣ ውሃ ለመስጠት የተነሣ አንድም ሰው አልነበረም። አባቴ ፊቱ ተጨማደደ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ አለቀሰ ስል ለካ እየሳቀ ነው። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። እናቴ አየችውና እሷም ሳቀች። ውሃውን በመጨረሻ ያመጡት እትዬ ተዋበች ናቸው፤ ልሳን ነው ብለው ስለተሳሳቱ ሳያፍሩ አልቀሩም።

ያን ማታ እናቴ ስትሮክ ምን እንደሆነ በሁለቱም ቋንቋ አስረዳችኝ። ቃሉን ተረዳሁት፣ ነገሩን ግን አልተቀበልኩትም። ይህ ሁሉ ጨዋታ ከበሽታ ከመጣ፣ በሽታው ጥሩ ነገር ነው ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ።

ከዚያ በኋላ ሰው ቤታችንን ሞላው። ድስት ይዞ ያልመጣ የለም። ከሁሉ የሚገርሙኝ ጋሽ ኢሳይያስ ናቸው። በየሐሙሱ መጥተው አባቴ ፊት ለፊት ይቀመጡና አብረውት ይለማመዳሉ። ጭልፋ አንሥተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ብዙ አስበው፣ «የድስት... ምላስ» ይላሉ። አባቴ በሐሳቡ ተደስቶ ጠረጴዛ ይመታል። በግራ እጃቸው አውራ ዶሮ ሳሉ፤ የእሳቸውም ድንች ሆነ። በክረምቱ መጨረሻ ስብከታቸው ተለወጠ ተባለ። ድሮ ሰው ይተኛባቸው ነበር።

አባቴ ግን እየዳነ መጣ። ቃላቱ እንደ ስደተኛ ዘመድ አንድ በአንድ ገቡ። ማንኪያ ማንኪያ ሆነ። ካልሲ ካልሲ ሆነ። አንድ ጠዋት «ጨው አቀብይኝ» አለ፤ እናቴ ተነሥታ ሳመችው፤ እኔ አኩርፌ ትምህርት ቤት ሄድኩ። አውቶቡስ መልሶ አልነዳም፤ ጋራዡ ውስጥ ሌላ ሥራ ሰጡት። ንግግሩም ያ የድሮው አልሆነም፤ ዛሬም ቃል ከማውጣቱ በፊት እንደሚያመዛዝን ሰው ቆም ይላል። የማያውቁት ጠቢብ ነው ይሉታል።

አንድ ቃል ብቻ እምቢ አለ፦ የእናቴ ስም። ሲፈልገው ሌላ ነገር እጁ ይገባል። «ሻይዋ» ይላታል። «ፀሐይቱ» ይላታል። አንዳንዴ ቃሉ ጨርሶ ሲከዳው «የኔ ማክሰኞ» ይላታል። እሷ «አቤት» ትላለች። በስሙ ምትክ ማክሰኞ የሚባል ሰው አይቼ አላውቅም። በፊልም እንኳ እንዲህ የሚዋደድ አልነበረም። አባቴ ሌሊት ሌሊት ስሟን ለማስታወስ ትራሱን ሲነክስ እንደነበር ኋላ የነገረችኝ እሷ ናት፤ ያን ጊዜ የማየው ፍቅሩን ብቻ ነው።

በረዶው ቀልጦ ባለቀ ሰሞን፣ ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ፣ እናቴ መስኮቱ ጋ ቆማ ከአዜብ ጋር በስልክ ታወራለች፤ ድስቱ ምድጃው ላይ ነው። አባቴ ጠረጴዛው ላይ ሽንኩርት ይልጣል። ቀና ሳይል፣ እንደ ማንኛውም ባል፣ «ትርሓስ፣ ድስቱ እያረረ ነው» አለ።

እናቴ ስልኩን አዜብ እያወራች መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችው። በአጠገቤ አለፈች፣ መታጠቢያ ቤት ገባች፣ በሩን ቆለፈች። ከውስጥ ሲቃዋ ተሰማ።

ነገሩ ገባኝ፤ ማለት የገባኝ መሰለኝ። ፍቅሩ አልቋል። ትናንት ማክሰኞ የነበረች ሴት ዛሬ እንደማንም ሰው በስሟ ተጠራች፤ ያውም ስለ ድስት። በሩ ላይ ተጠግቼ፣ «እማዬ፣ ደክሞት ነው» አልኳት በስዊድንኛ። «ነገ መልሶ ማክሰኞ ይልሻል።»

ከውስጥ ሲቃውና ሳቁ ተደባለቀ። አባቴ ከኋላዬ መጥቶ ቆሟል፤ ቢላውን እንደያዘ ነው። ምን እንዳደረገ ገና አላወቀም።

«ብዙነህ» አለች እናቴ በበሩ ውስጥ። «ምን ነበር ያልከኝ?»

«ድስቱ እያረረ ነው አልኩ።»

«ከእሱ በፊት ያልከውን።»

አባቴ ቆም አለ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ፊቱ ላይ የሆነውን ለመግለጽ፣ ይህን ሁሉ ዓመት በዚህ ሥራ ኖሬ፣ ዛሬም ቃል የለኝም። ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ ስሟን ጠራት። ደግሞ ጠራት። እሷ በጠራት ቁጥር «አቤት» ትላለች፤ በሩን ግን አትከፍትም፤ እሱም ክፈች አላላትም።

ድስቱን ያወረደ ሰው አልነበረም።